ስለ መጽሐፍ መደብርና ስለ ሲኒማ ቤት ጥቂት ቃል

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። ቀኝ እጁ እንደ ማንኛውም ሯጭ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዛወዝ ግራ እጁ ግን ከክርኑ ታጥፎ ወደ ደረቱ ጠጋ ይላል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ልጅ ሳለ፣ እዚሁ አሰላ አጠገብ ካለው የአባቱ እርሻ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን 10 ኪሎ ሜትር ጧት እየሮጠ ሄዶ ማታ እየሮጠ ሲመለስ በግራ እጁ መጽሐፍና ደብተር ይይዝ ነበር። ትምህርቱ አለቀ፤ መጽሐፉም ከእጁ ወጣ፤ እጁ ግን እንደ ታጠፈ ቀረ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ ዓለም ያየው፣ የማይታይ መጽሐፍ ያቀፈ እጅ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ይኸው ሯጭ በኋላ ሀብት ሲያፈራ አዲስ አበባ፣ ቦሌ መንገድ ላይ፣ በባለቤቱ ስም «ዓለም» የተባለ ሕንፃ አሠርቶ ሲኒማ ቤት ከፈተበት። እኔም አሰላ ተወልጄ አሰላ የምማር እንደ መሆኔ መጠን፣ ይህንን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። የከተማችን ታላቅ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ተነሥቶ ሲኒማ ቤት ከደረሰ፣ እኛ ከተማ ያለነው መጽሐፍ የምንገዛው ከማን ነው? ፊልምስ የምናየው ከማን ጋር ነው? የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው እንጂ ስለ ሩጫስ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሞልቷል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። «የአገራችንን መጽሐፍ ሻጮች እንርዳ፣ ሲኒማ ቤቶቻችንን እንደግፍ» ሲባል ድምፁ ሁልጊዜ የመዋጮ ድምፅ ይሆንብኛል፤ ቀጥሎ ደረሰኝ የሚቆረጥ ይመስላል። የእኔ ሐሳብ ይህ አይደለም። እነዚህ ሁለት ቤቶች የሚሰጡት ደስታ በሌላ ቦታ አይገኝም ነው የምለው። ገንዘቡም የሚወጣው ስለ ደስታው ነው።

በከተማችን አንድ ትንሽ መጽሐፍ መደብር አለ። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱ ስማቸው በጽሑፍ ላይ እንዲወጣ የሚወዱ ሰው አይደሉም። ስፋቱ የመኝታ ክፍላችንን ግማሽ ቢያህል ነው። በር ላይ የሚታየው ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና መለማመጃና «በሠላሳ ቀን ሀብታም የመሆን ጥበብ» ዐይነት መጽሐፍ ነው። (ይህን ዐይነቱን መጽሐፍ ገዝቶ ሀብታም የሆነ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ከሻጩም ቢሆን አልሆኑም።) ዘልቀው ሲገቡ ግን በአንዱ ግድግዳ የአማርኛ፣ በሌላው የአፋን ኦሮሞ መጻሕፍት ፊት ለፊት ተደርድረው ይገኛሉ። ከመሬቱ ላይ በካርቶን የታጨቁት ያገለገሉ መጻሕፍት ናቸው። ክረምት ሆኖ ጭላሎ ጉሙን ሲለብስ፣ የከተማው ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ እዚያ ካርቶን አጠገብ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ማሳለፍን የመሰለ ነገር የለም። ባለቤቱም «ትገዛለህ ወይስ አትገዛም?» ብለው አያስነሡም።

ደስታው ምንድን ነው ቢባል፣ ስልካችን የሚሰጠን የጠየቅነውን ነው። መደብሩ የሚሰጠን ያልጠየቅነውን ነው። እኔ አንድ ቀን ለሰዋስው ትምህርት የሚያስፈልገኝን መጽሐፍ ፍለጋ ገብቼ፣ ሰዋስውን አጥቼ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይዤ ወጣሁ። መጽሐፉ መጀመሪያ በ1958 ዓ.ም. መታተሙን፣ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ እንዳነበበውም ከአባቴ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ራሴ ግን ከዳር እስከ ዳር አንብቤው አላውቅም ነበር። የቀድሞው ባለቤት በእርሳስ እያሰመረ ሄዶ ሄዶ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ማስመሩን ተወ። ለምን ተወ? ደከመው? ታመመ? ወይስ ታሪኩ ስለ ያዘው እርሳሱን ረሳው? እኔ ይህ የመጨረሻው ነው ብዬ ስለማምን ከዚያ ገጽ በኋላ ከእሱ ጋር አብሬ የማነብ ይመስለኝ ነበር። ይህ ደስታ በ40 ብር ተገኘ።

አሁን ደግሞ ስለ ንግዱ ጥቂት ላስረዳ፤ መጽሐፍ ከደራሲው እጅ ተነሥቶ አሰላ እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ እኔም በቅርቡ ነው የሰማሁት። በአገራችን ብዙውን ጊዜ የማተሚያውን ገንዘብ የሚከፍለው ደራሲው ራሱ ነው። ተበድሮም ይሁን ዕቃ ሸጦ ማተሚያ ቤቱን ይከፍላል። ከዚያም መጽሐፉን ለአከፋፋይ ይሰጣል፤ አከፋፋዩም ከመሸጫው ዋጋ ከመቶ ሠላሳም አርባም ያህል ይወስዳል። ከዚሁ ላይ ቀንሶ ለቸርቻሪው ያስተላልፋል። የክፍለ ሀገር መደብር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። መጽሐፉን አዲስ አበባ ሄዶ በእጅ በእጅ ከፍሎ፣ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና አስጭኖ ያመጣል፤ ካልተሸጠ የሚመልስለት የለም። የወረቀቱን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሬ የሚመጣ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ አንድ ልብ ወለድ የብዙ ቀን ምሳችንን ዋጋ ይጠይቃል። ስለዚህ ተማሪው አይገዛም። ተማሪው ካልገዛ ባለ መደብሩ ቀጥሎ ዐሥር ቅጂ በማምጣት ፈንታ ሦስት ያመጣል። ከሦስቱ ውስጥ ደግሞ የምንፈልገው አይገኝም። እኛም «አሰላ መጽሐፍ የለም» እንላለን።

እዚህ ላይ አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት በጣም የተወራለት አንድ አዲስ ልብ ወለድ ነበር። ጓደኛዬ በቴሌግራም ሰደደልኝ፤ አንድ ሰው መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ለሺህ ሰው በትኖት ነበር። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። በጣም ደስ ብሎኝ ስለ ነበር በማግሥቱ ወደ መደብሩ ሮጬ፣

«ጋሼ! ያንን መጽሐፍ አንብበውታል?» አልኳቸው።

«አንብቤዋለሁ። አንተስ ከየት ገዛኸው?»

«ከአዲስ አበባ ሰው አመጣልኝ» ብዬ ዋሸሁ።

ባለ መደብሩ ምንም አላሉም። ወደ መደርደሪያው ዘወር ብለው አዩ፤ እኔም አየሁ። መጽሐፉ እዚያው ነበር፤ ስምንት ቅጂ፣ አንድም ሳይጎድል። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ታሪኩ ብዙ ተጨዋወትን፤ ዋናዋ ሴት ቤቷን ጥላ መሄዷ ልክ ነው አይደለም እየተባባልን ተከራከርን፤ ሻይም አስመጡልኝ። የሻዩ ነገር ነው የባሰብኝ። ስወጣ፣ «ከፋሲካ በኋላ ግማሹን መደርደሪያ ለስልክ ዕቃ ላደርገው አስቤአለሁ፤ ሽፋንና ቻርጀር በደንብ ይሸጣል» አሉኝ። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው ነው።

ተከራካሪ ጓደኞቼ፣ በተለይ የሕግ ተማሪዎቹ፣ እንዲህ ይሉኛል፤ «ዕውቀት በነፃ መዳረስ አለበት፤ ድሃ ተማሪ ምን ያድርግ?» ክርክሩ ቀላል አይደለም። እንዲያውም የእነሱን ወገን የሚያጠናክር ምሳሌ እኔ ራሴ ልጨምርላቸው። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታትሞ ወዲያው ከየመደብሩ ሲሰበሰብ፣ የተረፈው ቀድሞ የተሸጠው ቅጂ ነው። ያም ከእጅ ወደ እጅ፣ በስውር፣ እየተዘዋወረ ተነበበ። ያን ጊዜ ቴሌግራም ቢኖር ኖሮ መሰብሰቡ ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። ይህን አምናለሁ። ዳሩ ግን «ኦሮማይ»ን ያነበቡት ሰዎች መጽሐፉን ከመንግሥት እጅ አተረፉት፤ እኛ ግን መጽሐፉን የምናተርፈው ከማን ነው? ከደራሲው? ከጋሼ? የተከለከለ ነገር ማሳለፍና የሚሸጥ ነገር መውሰድ አንድ አይደሉም። የዚያን መጽሐፍ ደራሲ ሁለተኛ መጽሐፍ የሚያሳትምበት ገንዘብ ከየት ይመጣል ብዬ ስጠይቅ፣ ከሕግ ተማሪዎቹ መልስ አላገኘሁም።

ወደ ሲኒማው ልለፍ። አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር ይባላል። ያ ሰይጣን ዛሬ በየኪሳችን ገብቷል፤ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንበን ለየብቻችን እንጎበኘዋለን። ሆኖም የፊልም ደስታ ግማሹ ፊልሙ ሲሆን ግማሹ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ነው። ይህን የተማርኩት በሕፃንነቴ ታላቅ ወንድሜ በወሰደኝ ቪዲዮ ቤት ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ፣ መቀመጫው አግዳሚ ነበር። ፊልሙ የሕንድ ነው፤ ከተመልካቹ አንድም ሰው ቋንቋውን አያውቅም። ግን ጠላት ከኋላ ሲመጣ ሠላሳ ሰው በአንድ ድምፅ «ዞር በል!» ብሎ ይጮህ ነበር፤ ጀግናውም የሰማን ያህል ይዞራል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ማንም አይወጣም፤ በጨለማው ውስጥ ፍጻሜው ምን እንደሚሆን ክርክር ይጀመራል። እንዲያውም መብራት ጠፍቶ በሰው የተነገረው ፍጻሜ መብራት መጥቶ ከታየው የሚበልጥበት ጊዜ ነበር።

ያ ቤት ዛሬ የኳስ ቤት ሆኗል። ኳስ እጠላለሁ ማለቴ አይደለም፤ እኔም ለአርሴናል ስንት ቀን አልቅሻለሁ። ግን ነገሩን እንመልከተው። አርሲ ለሲኒማ ከሰጠችው ጋር ሲነጻጸር አርሲ ውስጥ ሲኒማ የማየት ዕድላችን እጅግ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለዕይታ የበቃው «ኢንዱራንስ» የኃይሌን ታሪክ የሚያሳይ ፊልም ሲሆን ኃይሌ ራሱ ራሱን ሆኖ የሠራበት ነው፤ የዚህ አገር መሬትና ጧት ይታይበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ታውን ኦቭ ረነርስ» ደግሞ ደራርቱን፣ ጥሩነሽንና ቀነኒሳን ስላፈራችው ስለ በቆጂና ስለ ወጣት ሯጮቿ ነው። በክፍላችን ካሉት ተማሪዎች ጠይቄ ነበር፤ ሁለቱንም ያየ አንድ ሰው አላገኘሁም። አውሮፓና አሜሪካ ያለ ሰው ተሰብስቦ ተቀምጦ በቆጂን ሲያይ፣ በቆጂ የተወለደው ጓደኛዬ በስልኩ ስለ ኒው ዮርክ ወንበዴዎች ያያል።

ከሁሉም የሚከነክነኝ ግን «ድፍረት» ነው። ታሪኩን ሳታውቁት አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1996 እዚሁ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጠመንጃ ተኩሳ ገደለች። ጉዳዩዋን የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይዞላት፣ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ይህ ቀርቶ ጠለፋ በማያሻማ ሁኔታ ወንጀል የሆነው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ይህን ታሪክ ፊልም አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘበት። በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ኋላ እገዳው ተነሥቶ ታየ። ቃሉ በቋንቋችን ሁለት ፍቺ እንዳለው ልብ በሉ፤ አንዱ ጀግንነት ነው፣ ሁለተኛውን ደግሞ እናቶቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት።

እኔ «ድፍረት»ን ያየሁት ብቻዬን፣ ሌሊት፣ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ በስልክ ነው። የአገሬ ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለ ልጅቱ ሲመክሩ የሚታይበት ቦታ ሲደርስ ፊልሙን አቁሜ ግድግዳውን አየሁ። የምጠይቀው ሰው ፈለግሁ፤ ጓደኞቼ ተኝተዋል። ይህ ፊልም አሰላ ላይ፣ አያቶችና የልጅ ልጆች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ቢያዩትስ? ማን ይስቃል? ማን ያጉረመርማል? ማን ተነሥቶ ይወጣል? መብራቱ ሲበራ ማን ከማን ጋር ዐይን ለዐይን መተያየት ያቅተዋል? ይህ የፊልሙ ሁለተኛ ግማሽ ነው። እኔ ይህን ግማሽ አላየሁትም።

«አዳራሽ የሚያዋጣ ንግድ አይደለም፤ የሚያከፋፍልም የለም» ለሚሉ አንድ የአገራችንን ሰው ላስታውስ። የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ባርነት የሚናገረውን «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉት። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ምን አደረጉ? ራሳቸው ሲኒማ ቤት ተከራዩ። በየከተማው ያሉ ጥቁር አሜሪካውያንን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ማኅበሩን፣ ተማሪውን እየለመኑ ትኬት አሸጡ፤ ዋሽንግተን ላይ ሰው ለሳምንታት ተሰልፎ አየው። ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ነው) በፊልሙ ስም፣ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ መጽሐፍና ፊልም የሚሸጥ መደብር ከፈቱ። አካባቢው ውድ እየሆነ ሄዶ የንብረት ግብሩ አልቻል ሲላቸው ደንበኛው ተነሥቶ አቤት አለላቸው፤ የከተማው ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2019 የግብር እፎይታ ሰጣቸው። እንግዲህ ሲኒማ መጽሐፍ መደብርን ወለደ፤ መደብሩን ደግሞ ደንበኞቹ አቆሙት። ደንበኞቹ ለምን ተነሡ ቢባል፣ እዚያ ቤት ቁጭ ብለው የተከራከሩበት ወንበር ስለ ነበራቸው ይመስለኛል። ለማያውቁት ሱቅ ማን ይሰለፋል?

እኛ አሜሪካ አይደለንም፤ የወር ገንዘባችንም የታወቀ ነው። ሆኖም እናቶቻችን ገንዘብ ሳይኖራቸው ትልቅ ዕቃ የሚገዙበትን ዘዴ ከማንም ሳንበደር እናውቀዋለን። እኔና አራት ጓደኞቼ የመጽሐፍ ዕቁብ ጀምረናል። በየወሩ እያንዳንዳችን እንከፍላለን፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ወደ ጋሼ መደብር ሄዶ የወደደውን መጽሐፍ ይገዛል፤ መጽሐፉ የእሱ ሆኖ አምስታችንም እናነበዋለን። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ መጽሐፉን መምረጥ የዕጣው ባለቤት መብት ነው፤ ማንም አያጉረመርም። (በሁለተኛው ወር አንዱ ጓደኛችን ያንን የሠላሳ ቀን ሀብት መጽሐፍ ገዛ። አላጉረመረምንም፤ በልባችን ብቻ ነው።) የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ ነበር። ያንን በቴሌግራም የሰረቅሁትን ልብ ወለድ ገዛሁ። ጋሼ ዋጋውን ተቀብለው፣ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ «ይኸኛው ከአዲስ አበባው ይሻል ይሆናል» አሉኝ።

የሲኒማውን ነገር ደግሞ ለማኅበራችን ጉባኤ አቅርቤዋለሁ። የዩኒቨርሲቲውን አዳራሽ እንጠቀም ያሉ አሉ፤ እኔ ግን ያንን የድሮውን ቪዲዮ ቤት፣ የዛሬውን የኳስ ቤት፣ ብንከራይ ይሻላል ባይ ነኝ። የከተማው ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲው በር መግባት ይፈራል፤ ወደ ኳስ ቤት ግን ማንም ይገባል፤ ኪራዩም እዚሁ ከተማ ይቀራል። ለፊልሙ ባለቤቶች የማሳያ ፈቃድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈናል፤ ያለ ፈቃድ አናሳይም፤ ከትኬቱ ድርሻቸውን እንልካለን ብለናል። መልሱን እየጠበቅን ነው። የቤቱን ባለቤት አነጋግረናል፤ አርባ ሰው ካመጣን ጄኔሬተሩንም በእሳቸው ነዳጅ ያስነሡልናል። የጠየቁን አንድ ነገር ቢኖር ማክሰኞና ረቡዕ እንዳይሆን ነው፤ የአውሮፓ ኳስ አለ። ስለዚህ ሐሙስ ይሆናል። ስም የሚመዘግበው ልጅ ከምሳ በኋላ በምግብ ቤቱ በር ይቆማል፤ ይህ ጽሑፍ ሲባዛ አሥራ ሰባት ሰው ተመዝግቧል።